ግጥሚያ ሲበዛ ዋንጫ ይከብራልን?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በእግር ኳስ ወዳጆች መካከል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚካሄደው ክርክር ይህን አባባል የሚያስታውስ ነው። ክርክሩ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚባለው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ከ2024 የውድድር ዘመን ጀምሮ መስፋፋቱን የሚመለከት ነው። አንዱ ወገን «ውድድሩ ነፍስ ዘራ» እያለ ይደሰታል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «ውድድሩ በገንዘብ ፍቅር ተበላሸ» እያለ ያዝናል። ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ጉዳይ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ በእርግጥ የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለያይቶ ማሳየትና ከዚያም የጸሐፊውን አቋም በምክንያት አስደግፎ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የውድድሩን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ውድድሩ የተጀመረው በ1955 ነው። የሐሳቡ አፍላቂ ሌኪፕ በተባለው የፈረንሳይ የስፖርት ጋዜጣ ይጽፍ የነበረው ጋብሪኤል አኖ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የተካፈሉት ክለቦች 16 ብቻ ነበሩ። ሥርዓቱም ቀላል ነበር፤ ሁለት ቡድኖች ይመደባሉ፤ አንድ ጊዜ በአንደኛው፣ አንድ ጊዜ በሌላው ሜዳ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው ያልፋል፤ የተሸነፈው ይሰናበታል። በጁን 1956 ፓሪስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ የፍጻሜ ግጥሚያ ሪያል ማድሪድ የፈረንሳዩን ሬምስ 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከዚያም በተከታታይ አራት ጊዜ ደገመው።

ያ የጥሎ ማለፍ ሥርዓት ለታላቅም ለታናሽም የማያዝን ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በ1987 ማራዶና ይጫወትበት የነበረው የኢጣሊያ ሻምፒዮን ናፖሊ ገና በመጀመሪያው ዙር ከሪያል ማድሪድ ጋር ተገናኘ፤ ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎም ከውድድሩ ወጣ። ብዙ ገንዘብ ላወጣ ክለብ እንዲህ ያለው ዕጣ ከባድ ኪሣራ ነው። ቀስ በቀስም ሥርዓቱ ተለወጠ። በ1991 የውድድር ዘመን የምድብ ጨዋታ ገባ፤ በ1992 ውድድሩ ሻምፒዮንስ ሊግ ተባለ፤ በ1997 ከአንዳንድ አገሮች ሁለተኛ የወጡ ክለቦችም እንዲካፈሉ ተፈቀደ፤ በ1999 የተሳታፊዎቹ ቁጥር 32 ደረሰ። እንግዲህ ስሙ የሻምፒዮኖች ውድድር ቢሆንም፣ በየአገሩ ሻምፒዮን ያልሆኑ ብዙ ክለቦች የሚካፈሉበት ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ውድድሩ ገና ዛሬ ከመሠረቱ ወጣ» የሚሉ ደጋፊዎች ታሪኩን በሚገባ አላጤኑትም።

አሁን ወደ አዲሱ ሥርዓት እንለፍ። እስከ 2024 ድረስ 32ቱ ክለቦች በ8 ምድብ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ክለብ ከሦስት ቡድኖች ጋር ደርሶ መልስ በድምሩ 6 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር 36 ሆኗል፤ ምድብ የሚባል ነገርም ቀርቶ ሁሉም ክለቦች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከ8 የተለያዩ ቡድኖች ጋር 8 ጨዋታ ያደርጋል፤ አራቱን በሜዳው፣ አራቱን ከሜዳው ውጪ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ የወጡት በቀጥታ ወደ አሥራ ስድስቱ ዙር ያልፋሉ፤ ከ9ኛ እስከ 24ኛ የወጡት እርስ በርሳቸው የደርሶ መልስ ማጣሪያ ይጋጠማሉ፤ ከ25ኛ በታች የሆኑት ይሰናበታሉ። ቀድሞ በምድቡ ሦስተኛ የወጣ ክለብ ወደ ሁለተኛው የአውሮፓ ውድድር ይሸጋገር ነበር፤ አሁን ግን ይህ መንገድ ተዘግቷል።

እንግዲህ ከዚህ መግለጫ ሁለት የተለያዩ ለውጦችን ለይተን ማውጣት እንችላለን። አንደኛው የቅርጽ ለውጥ ነው፤ ይኸውም ምድቦች ቀርተው አንድ ሠንጠረዥ መተካቱ ነው። ሁለተኛው የስፋት ለውጥ ነው፤ ይኸውም የክለቦቹና የግጥሚያዎቹ ቁጥር መጨመሩ፣ እንዲሁም የተጨመሩት ቦታዎች ለማን እንደተሰጡ ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ደግፎ ሁለተኛውን ሊቃወም ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋምም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቅርጹን እንመርምር። በቀድሞው የምድብ ሥርዓት አንድ ጠንካራ ክለብ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ካሸነፈ ማለፉን ብዙውን ጊዜ ያረጋግጥ ነበር፤ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ትርጉም አጥተው ተመልካቹም ተጫዋቹም በግዴለሽነት ያሳልፋቸው ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ነጥብና እያንዳንዱ ግብ የክለቡን ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 የሠንጠረዡ የመጨረሻ 18 ግጥሚያዎች በአንድ ሰዓት ተካሄዱ። በዚያን ምሽት ማንችስተር ሲቲ በክለብ ብሩዥ 1 ለ 0 እየተመራ ዕረፍት ወጣ፤ ውጤቱ በዚያው ቢጸና ኖሮ የ2023ቱ ሻምፒዮን ከውድድሩ ይሰናበት ነበር። ከዕረፍት በኋላ ሦስት ግብ አግብቶ 3 ለ 1 በማሸነፉ ለጥቂት ተረፈና 22ኛ ሆኖ አለፈ። ሪያል ማድሪድም 11ኛ በመውጣቱ ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች በማጣሪያው ተገናኙና ማንችስተር ሲቲ ተሰናበተ። በእርግጥ ተስፋቸው አስቀድሞ የተሟጠጠ ቡድኖች በዚያም ቀን አልጠፉም፤ ሆኖም አንድ ታላቅ ክለብ በስሙ ብቻ ተዝናንቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ማጠሩ መልካም ነው።

ቅርጹን የሚነቅፉ ሰዎች አንድ ጠንከር ያለ ምክንያት ያቀርባሉ። «በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያሉ ቡድኖች ከተለያዩ ተጋጣሚዎች ጋር እየተጫወቱ እንዴት በነጥብ ሊወዳደሩ ይችላሉ? ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ዕጣ ይደርሰዋልና ሚዛኑ የተዛባ ነው» ይላሉ። ይህ አስተያየት እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሥርዓትም ከዚህ ጉድለት ነጻ አልነበረም፤ «የሞት ምድብ» የሚለው አነጋገር በእርሱ ዘመንም ይሰማ ነበር። ከዚህም ሌላ በአዲሱ ሥርዓት ክለቦቹ እንደየደረጃቸው በአራት ቋት ተከፍለው እያንዳንዱ ክለብ ከየቋቱ ሁለት ሁለት ተጋጣሚ ስለሚደርሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ጥረት ተደርጓል። ፓሪስ ሴንት ዠርሜን በ2024 አርሰናልን፣ ባየርን ሙኒክንና አትሌቲኮ ማድሪድን የመሳሰሉ ብርቱ ተጋጣሚዎች ደርሰውት በሦስቱም ተሸነፈ፤ በሠንጠረዡም 15ኛ ወጣ። ነገር ግን በማጣሪያው አልፎ፣ በሠንጠረዡ 1ኛ የነበረውን ሊቨርፑልን በፍጹም ቅጣት ምት አስወጥቶ፣ በሜይ 31 ቀን 2025 ሙኒክ ላይ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 በመርታት ዋንጫውን ወሰደ። ከባድ ዕጣ የብርቱን ቡድን መንገድ ቢያረዝምበትም አልዘጋበትም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ቅርጹ የተነገረው በጎ ነው። ስለ ስፋቱ ግን እንዲህ ለማለት አይቻልም። እስቲ በቀላል ስሌት እንመልከተው። በቀድሞው ሥርዓት በምድብ ጨዋታዎች 96 ግጥሚያዎች ተደርገው ከ32 ክለቦች 16ቱ ይሰናበቱ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት 144 ግጥሚያዎች ተደርገው ከ36 ክለቦች የሚሰናበቱት 12 ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ቀድሞ አንድን ክለብ ለማሰናበት በአማካይ 6 ግጥሚያ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን 12 ግጥሚያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ወንፊቱ ሰፋ እንጂ ማጥለሉ አልጠነከረም። ከሦስት ተሳታፊዎች ሁለቱ የሚያልፉበት ፈተና እንደምን ከባድ ፈተና ሊባል ይችላል? የ1987ቱ ናፖሊ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ከሪያል ማድሪድ ጋር ሁለት ጊዜ ከመጋጠሙ በፊት የሚያጽናኑት 8 ጨዋታዎች ነበሩት።

የግጥሚያ መብዛት የሚያደክመው ደግሞ በመጀመሪያ ተጫዋቹን ነው። ቀድሞ ለዋንጫ የሚደርስ ክለብ ከምድብ ጨዋታ ጀምሮ 13 ጊዜ ይጋጠም ነበር፤ አሁን በቀጥታ ካለፈ 15፣ በማጣሪያ ካለፈ 17 ጊዜ ይጋጠማል። ከዚህ ላይ የአገር ውስጥ ሊጉ፣ የአገር ውስጥ ዋንጫውና የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ ሲታከል ዕረፍት የሚባል ነገር እየጠፋ ይሄዳል። ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሜይ 31 ቀን 2025 ዋንጫ ካነሣ በኋላ ፊፋ ወዳዘጋጀው የዓለም ክለቦች ዋንጫ ወደ አሜሪካ ሄዶ ጁላይ 13 ቀን የፍጻሜ ግጥሚያ አደረገ፤ ልክ በወሩ፣ ኦገስት 13 ቀን፣ የሚቀጥለውን ዘመን የመጀመሪያ ዋንጫ ለማንሣት ሜዳ ገባ።

በዚህ ረገድ ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የስፔኑን ተጫዋች ሮድሪን ነው። ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 አጋማሽ ተጫዋቾች ከግጥሚያ ብዛት የተነሣ ሥራ ለማቆም እንደተቃረቡ ተናግሮ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። ብዙዎች ይህን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተከታትለው መድረሳቸው ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ተጫዋች በትንሽ ጨዋታም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የድካሙን ጉዳይ በአንድ ሰው ጉዳት ላይ ሳይሆን በሚቆጠረው የግጥሚያና የዕረፍት ቀን ላይ መመሥረት ይሻላል። ክርክራችን እውነተኛ እንዲሆን ከፈለግን ለራሳችን ወገን የሚያደላውንም ማስረጃ መመርመር ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ አከራካሪ መሆን የሚገባው ግን የተጨመሩት አራት ቦታዎች ክፍፍል ነው። አንደኛው ቦታ በአውሮፓ ደረጃ አምስተኛ ለሆነው አገር ሊግ ሦስተኛ ለሚወጣ ክለብ ተሰጠ። አንደኛው ከትንንሽ አገሮች ሻምፒዮኖች መካከል በማጣሪያ ለሚያልፍ ተሰጠ። የቀሩት ሁለቱ ባለፈው ዓመት በአውሮፓ ውድድሮች ክለቦቻቸው በአማካይ ከፍተኛ ውጤት ላስመዘገቡላቸው ሁለት አገሮች ተመደቡ። በ2024 እነዚህ ሁለት ቦታዎች ለኢጣሊያና ለጀርመን፣ በ2025 ለእንግሊዝና ለስፔን ደረሱ። ዳኝነቱ በውጤት ነው ቢባልም፣ ከፍተኛ ውጤት የሚያመጡት ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሊጎች ናቸው፤ ስለዚህ ላለው ይጨመርለታል። ከዚህም የተነሣ በ2025 የውድድር ዘመን ከእንግሊዝ ብቻ ስድስት ክለቦች ተካፈሉ።

የመስፋፋቱ ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው። «ባይሰፋ ኖሮ ትንንሽ ክለቦች ከታላላቆቹ ጋር አይገናኙም ነበር» ይላሉ፤ በ2024 በአውሮፓ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፍሎ 18ኛ የወጣውን የፈረንሳዩን ብረስትን፣ በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በሻምፒዮንስ ሊጉ ዋና ውድድር የተካፈሉትን የካዛክስታኑን ካይራትን፣ የኖርዌዩን ቦዶ ግሊምትንና የቆጵሮሱን ፓፎስን ይጠቅሳሉ። በእርግጥም የካይራት ደጋፊ ሪያል ማድሪድን በአልማቲ ከተማ ሲጫወት ማየቱ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ይህ ደስታ ከአራቱ ቦታዎች አንዱን ብቻ ለትንንሽ አገሮች ሻምፒዮኖች መስጠትን አያጸድቅም፤ እንዲያውም የጸሐፊውን ሐሳብ ያጠናክራል። ትንንሾቹን ማቅረብ መልካም ከሆነ ሦስቱ ቦታዎች ስለምን ለሌላ ተሰጡ?

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ደካሞች ውድድሩን ያበላሻሉ» ሲሉ ይደመጣሉ። በ2024 የስሎቫኪያው ስሎቫን ብራቲስላቫና የስዊዘርላንዱ ያንግ ቦይስ ስምንት ስምንት ጨዋታቸውን በሙሉ መሸነፋቸውን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ሽንፈት ከውድድር ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደለም። በጥሎ ማለፉ ዘመን የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስት በ1979ና በ1980፣ የሩማኒያው ስቴዋ ቡካሬስት በ1986፣ የዩጎዝላቪያው ሬድ ስታር ቤልግሬድ በ1991 ዋንጫውን ወስደዋል። ከፖርቶ የ2004 ድል ወዲህ ግን፣ ከ2005 እስከ 2025 ድረስ፣ ከእንግሊዝ፣ ከስፔን፣ ከኢጣሊያ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ ውጪ ያለ ክለብ ዋንጫውን አላገኘም። ልዩነቱን ያመጣው ገንዘብ እንጂ የትንንሾቹ ስንፍና አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሌላም መዘዝ አለ። በ2024 የውድድር ዘመን እያንዳንዱ ክለብ በሠንጠረዡ በመካፈሉ ብቻ ከ18 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አግኝቷል፤ ለእያንዳንዱ ድል 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ ለእያንዳንዱ አቻ ውጤት 700 ሺህ ዩሮ ተጨምሮለታል። ይህ ገንዘብ ለሪያል ማድሪድ ተጨማሪ ነው፤ ለአንድ ትንሽ አገር ሻምፒዮን ግን አገር ውስጥ ካሉት ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በላይ የሚያደርገው ሀብት ነው። እንዲህ ሲሆን ያው ክለብ በየዓመቱ ሻምፒዮን እየሆነ የአገሩ ሊግ ጣዕም ያጣል። ስለዚህ ቦታ መጨመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ የገቢው ክፍፍልም በየአገሩ ላሉት ሌሎች ክለቦች በተሻለ መጠን ሊደርስ ይገባል።

«የደጋፊ ክርክር ምን ይፈይዳል? ወሳኞቹ ባለገንዘቦች ናቸው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ግን ይህን አያሳይም። በኤፕሪል 18 ቀን 2021 አሥራ ሁለት ታላላቅ ክለቦች «ሱፐር ሊግ» የተባለ የራሳቸውን ዝግ ውድድር እንደሚመሠርቱ አስታወቁ። የእንግሊዝ ደጋፊዎች በየስታዲየሙ በር ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦችም በሁለት ቀን ውስጥ ከዕቅዱ መውጣታቸውን ገለጹ። ዩኤፋ የሻምፒዮንስ ሊጉን መስፋፋት ያጸደቀው በዚያው ሰሞን፣ ኤፕሪል 19 ቀን፣ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ለእያንዳንዱ ክለብ 10 ጨዋታ የሚያዝ ሲሆን፣ ሁለት ቦታዎችንም ባለፉት ዓመታት ባስመዘገቡት ውጤት ለታወቁ ክለቦች የሚሰጥ ነበር። ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ በሜይ 2022 ጨዋታው ወደ 8 ዝቅ አለ፤ በጥንት ዝና ቦታ ማግኘትም ቀረ። እንግዲህ በምክንያት የተደገፈ ተቃውሞ ውሳኔን ሊያሻሽል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ሁሉ የአውሮፓውያን ጉዳይ ቢመስልም እኛንም በአንድ በኩል ይነካናል። በከተሞቻችን ብዙ ወጣቶች እነዚህን ግጥሚያዎች በቴሌቪዥን ይከታተላሉ፤ በክረምታቸው ወራት አብዛኛዎቹ ጨዋታዎች የሚጀምሩት በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። የጨዋታው ሳምንት በጨመረ ቁጥር በማግስቱ በትምህርት ገበታ ላይ የሚያንቀላፋው ተማሪም ይጨምራል። ስታዲየም ገብቶ የሚያየው ደጋፊ በኪሱ፣ በሩቅ ሆኖ የሚያየው ደግሞ በእንቅልፉ ይከፍላል። ስለዚህ የኛም ተመልካች ምርጫ ሊኖረው ይገባል፤ የቀረበለትን ሁሉ መመልከት ግዴታው አይደለም።

በጠቅላላው፣ የዚህ ጽሑፍ አቋም በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ የአንድ ሠንጠረዥ ሥርዓት ተጫዋቹንም ተመልካቹንም እስከ መጨረሻው የሚያተጋ ስለሆነ ይቆይ። ሁለተኛ፣ የግጥሚያው ቁጥር ከዚህ በላይ አይጨመር፤ ቢቻል 24 ክለቦች ማለፋቸው ቀርቶ የሚያልፉት 16 ብቻ ይሁኑ፤ ያን ጊዜ የማጣሪያው ዙር ይቀራል፤ ሠንጠረዡም እውነተኛ ፈተና ይሆናል። ሦስተኛ፣ ለባለጸጋ ሊጎች የተጨመሩት ሁለት ቦታዎች ለየአገሩ ሻምፒዮኖች ይመለሱ፤ የውድድሩ ስም የሚያዘውም ይህንኑ ነውና።

ተማሪዎች በዚህ አቋም ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ አለመስማማትም መብታችሁ ነው። ነገር ግን ስትቃወሙ ቅርጹን ነው ወይስ ስፋቱን የምትቃወሙት፣ ማስረጃችሁስ ቁጥር ነው ወይስ የምትደግፉት ክለብ ፍቅር ብቻ፣ አስቀድማችሁ ለዩ። የተለየ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። ዋንጫን የሚያስከብረው በመንገዱ ላይ የተደረደረው ግጥሚያ ብዛት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ግጥሚያ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።